አውሮፓን በ9 ቀን፦ ጉዞን በአዳር ቆጥሮ ማቀድ

ግንቦት ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ነበረች። በድምፅ መልእክት ነው የላከችው፦ «አንተዬ፣ ሮም፣ ፓሪስ፣ ባርሴሎና፣ አምስተርዳም፣ ቬኒስ ብዬ አስቤያለሁ። ከሥራ አምስት ቀን ነው የፈቀዱልኝ። ቅዳሜና እሑዱ ሲጨመር ዘጠኝ ቀን ይሆናል። ይበቃኛል አይደል?»

ለአምስት ከተማ አይበቃም። ለሦስት ከተማ ግን ይበቃል፤ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣበት ጊዜም ይተርፋል።

እኔም የመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት አምስት ከተማ ይዤ ነበር። ፍሎረንስ የገባሁት መሽቶ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቀቅኩ። የሚኬላንጄሎን የዳዊት ሐውልት ለማየት ስንት ዓመት ተመኝቼ፣ ከሙዚየሙ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አድሬ ሳላየው ተመለስኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ረዘም አድርጌ የምመልሰው ለዚህ ነው።

ምሳሌዬ ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ ጣሊያንን የሚያይ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለምትነሱም ስሌቱ ያው ነው። የሚለየውን ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት። ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠም 10 ዓመት ያልሞላው። ቪዛ የሚለጠፍበት ከሆነ 2 ባዶ ገጽ ይኑረው።
- በጽሑፍ የጸደቀ የፈቃድ ቀን። «አለቃዬ እሺ ብሎኛል» ትኬት አያስገዛም።
- ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ። የመጀመሪያውን ንድፍ ስልክ ላይ አትሥሩት። ዘጠኙን ቀን በአንድ ገጽ ላይ አንድ ላይ ካላያችሁ መጨናነቁ አይታያችሁም።
- የተጓዦቹ ስም ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደልና ቅደም ተከተል ተገልብጦ። የእኛ የአባትና የአያት ስም በየፎርሙ ቦታ ይቀያየራል። የአውሮፕላን ትኬት ላይ ሲሳሳት ማስተካከያው ገንዘብ ይበላል።
- ሁለት የባንክ ካርድ። ቢቻል አንዱ በውጭ ምንዛሪ ስትከፍሉ ኮሚሽን የማይቆርጥ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ቦርሳ አትያዙ።
- ብቻችሁን ደረጃ ይዛችሁት የምትወጡት ሻንጣ። አንድ ብቻ።
- የሶኬት አዳፕተር። ከአሜሪካ የምትነሱ የፀጉር ማድረቂያችሁን እቤት ተዉት። 110 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚያ ባለው 230 ይቃጠላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይችላል፤ ጀርባው ላይ አንብቡት።
- ነጠላ። ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ አዳር ቁጠሩ

ዘጠኝ ቀን የሚለው ቁጥር ያታልላል። ወረቀቱን አውጡና እያንዳንዱን ሌሊት የት እንደምታድሩ ጻፉ።

ዓርብ ማታ፦ አውሮፕላን ላይ
ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፦ አንደኛ ከተማ
ረቡዕ፣ ሐሙስ፦ ሁለተኛ ከተማ
ዓርብ፣ ቅዳሜ፦ ሦስተኛ ከተማ
እሑድ፦ መመለሻ

እጃችሁ ላይ ያለው 8 አዳር ነው። አሁን ይህቺን ስሌት ያዙ፦ ከአዳሩ ብዛት ላይ የከተማውን ብዛት ቀንሱ። የሚቀራችሁ ሙሉ ቀን ነው። 8 አዳር በ3 ከተማ 5 ሙሉ ቀን ይሰጣል። ያው 8 አዳር በ5 ከተማ ሲሆን 3 ሙሉ ቀን ብቻ ይቀራል። አምስት ከተማ ለማየት ሦስት ቀን ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከተማ የምትቀይሩበት ቀን ተቆራርጦ ያልቃል። ጠዋት ሻንጣ ስታስሩ፣ ክፍል ስታስረክቡ፣ ባቡር ስትጠብቁ፣ አዲሱን ሰፈር ስትፈልጉ ይመሻል። ከሁለት አዳር አንድ ሙሉ ቀን ይወጣል። ከአንድ አዳር ምንም አይወጣም።

ለሮም፣ ለፓሪስ ወይም ለለንደን 4 አዳር ስጡ፤ ቢያንስ 3። እንደ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ ወይም ብራስልስ ላለ 2 ይበቃል። ሁለት ሳምንት ፈቃድ ያገኘ ሰው 15 አዳር ይኖረዋል፤ ያም ቢሆን ከአምስት ከተማ አይለፍ።

ደረጃ 2፦ ካርታ ሳትከፍቱ የፓስፖርታችሁን ጉዳይ ጨርሱ

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ወደ 29ኙ የሸንገን አገሮች፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ወዳላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ያለ ቪዛ ይገባል። በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ይፈቀድለታል።

ግሪን ካርድ ግን የሸንገንን ቪዛ አይተካም። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤርፖርት ደርሶ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ እዚያው አሜሪካ ታመለክታላችሁ። ዱባይ በሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩም ከዱባይ ነው። ማወቅ ያለባችሁ እነዚህን ነው፦

የምታመለክቱት ብዙ አዳር ለምታድሩበት አገር ነው። አዳሩ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ሮም ልታድሩ አስባችሁ «የእነ እከሌ ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል» ብላችሁ በሌላ አገር በኩል አታመልክቱ። የሆቴሉ ማስያዣና ማመልከቻው ካልተስማሙ ቪዛው ሊከለከል ይችላል።

ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ይከፈታል። ከጉዞው 15 ቀን በፊት ደግሞ ይዘጋል። ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ይፈጃል፤ እስከ 45 ቀን ሊራዘምም ይችላል። የቀጠሮ ወረፋውን ስትጨምሩበት ሦስት ወር ቀድሞ መጀመር ይሻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ለንደን ከሸንገን ውጭ ነው። የራሱ ቪዛ አለው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ላላቸውም ኢቲኤ የሚባል የቅድሚያ ፈቃድ በስልክ ይወጣል። ጉዟችሁ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ከዚያ ተመልሶ አምስተርዳም ከሆነ ሸንገን የምትገቡት ሁለት ጊዜ ነው። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ከለንደን መመለስ አትችሉም። ለዚህ ነው አጭር ጉዞ ላይ ለንደንን ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅሉ የምለው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። ለማመልከቻው የሚሰረዝ የሆቴል ማስያዣ ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ በአንድ የባቡር መስመር ላይ ያሉ ከተሞችን ምረጡ

የአክስቴ ልጅ ያቀረበችልኝ መከራከሪያ «ከሮም ፓሪስ እኮ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው» የሚል ነበር። እውነቷን ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቁጭ ብለን ከበር እስከ በር ቆጠርነው። ከሆቴል እስከ ፊውሚቺኖ ኤርፖርት አንድ ሰዓት። ቀድሞ መድረስ ሁለት ሰዓት። በረራው ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከአውሮፕላን መውረድና ሻንጣ መጠበቅ አርባ ደቂቃ። ከሻርል ደ ጎል ኤርፖርት እስከ ፓሪስ መሐል አንድ ሰዓት። ወደ ሰባት ሰዓት መጣ። አንድ ቀን ሄደ ማለት ነው።

ከሮም ፍሎረንስስ? ከሆቴል እስከ ቴርሚኒ ጣቢያ ሃያ ደቂቃ። ጣቢያው ውስጥ ሃያ ደቂቃ። ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል። የፍሎረንሱ ጣቢያ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ከተማው መሐል ስለሆነ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ገባችሁ።

ስለዚህ ከበር እስከ በር ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ካለ ሁለቱን ከተሞች በአንድ አጭር ጉዞ አታስገቡ። የሚያዋጡ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

- ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቬኒስ። ከፍሎረንስ ቬኒስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ከትንሽ ነው።
- ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም። ከፓሪስ ብራስልስ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ከብራስልስ አምስተርዳም ወደ ሁለት ሰዓት።
- ማድሪድና ባርሴሎና። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሁለት ከተማ ብቻ ስለሆነ ለደከመው ሰው ይህን እመርጥለታለሁ።
- ቪየናና ቡዳፔስት። ሁለት ሰዓት ከአርባ ያህል።

አንዱን መስመር ያዙና ሌላውን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጡት።

ደረጃ 4፦ በአንዱ ከተማ ገብታችሁ በሌላው ውጡ

ሮም ደርሶ መልስ ከገዛችሁ የመጨረሻውን ቀን ከቬኒስ ወደ ሮም ለመመለስ ታውሉታላችሁ። አራት ሰዓት ባቡር ላይ፣ ምናልባትም አንድ ተጨማሪ አዳር። ስለዚህ ትኬት ስትፈልጉ «ደርሶ መልስ» የሚለውን ትታችሁ «ብዙ ከተማ» የሚለውን ንኩ። ከዋሽንግተን ሮም፣ ከቬኒስ ዋሽንግተን ብላችሁ ሙሉ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ትንሽ ቢበልጥም የባቡሩንና የአዳሩን ወጪ ደምራችሁ አወዳድሩት።

ሁለት የአንድ መንገድ ትኬት ለየብቻ አትግዙ። ከአሜሪካ ሲሆን ድምሩ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

የምትቀይሩት አውሮፕላን ካለ ይህን አስታውሱ። የፓስፖርት ቁጥጥሩ የሚደረገው መጀመሪያ በምትረግጡት የሸንገን ኤርፖርት ነው። በፍራንክፈርት በኩል ሮም የምትሄዱ ከሆነ ወረፋው የሚጠብቃችሁ ፍራንክፈርት ነው። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው አሻራና ፎቶ መስጠት ጀምሯል። ሰልፉ ይረዝማል። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከሁለት ሰዓት ያላነሰ ክፍተት ይኑር።

አሜሪካ ሆናችሁ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ስትገዙ፣ ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ወይም ዋጋውን ይዞ ማቆየት ይቻላል። ያቺን ቀን ተጠቀሙባት። ስምና ቀን ያረጋግጥላችሁ ዘንድ ትኬቱን ለሌላ ሰው አስነብቡት።

ደረጃ 5፦ የሚዘጋበትን ቀን ጻፉ፣ ከዚያ ቀኖቹን አሰልፉ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓ ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋሉ፤ ቀኑም በየቦታው ይለያያል።

የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነፃ ይከፈታሉ፤ ሰልፉም የዚያኑ ያህል ነው። ፍሎረንስ ውስጥ የዳዊት ሐውልት ያለበት አካዴሚያና የሥዕል ሙዚየሙ ኡፊዚ ሰኞ ይዘጋሉ። ፓሪስ ላይ ሉቭር ማክሰኞ፣ ኦርሴ ሰኞ ይዘጋሉ። ሮም ያለው ጥንታዊ ስታዲየም ኮሎሴዮ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ ስለሆነ አስቀድሞ ማስያዝ አይቻልም። እሑዳችሁ እሱ ላይ ከወደቀ ቀኑን ቀይሩ።

አሁን የእኛን ምሳሌ ወረቀቱ ላይ እንሙላው።

ቅዳሜ ጠዋት ሮም ትደርሳላችሁ። የሮም ሰዓት ከዋሽንግተን በ6 ሰዓት ስለሚቀድም ሰውነታችሁ ገና ሌሊት ላይ ነው። ለዚህ ቀን ምንም ትኬት አትቁረጡ። ከኤርፖርት ወደ ቴርሚኒ የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ 32 ደቂቃ ይፈጃል። ሻንጣችሁን ሆቴል አስቀምጡ። ክፍሉ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በፊት አይሰጥም፤ ሻንጣ ግን ይቀበላሉ። ከዚያ በእግር ወደ ትሬቪ ፏፏቴና ፒያሳ ናቮና። ብርሃን ላይ ሁኑ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አትተኙ። የቀን እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ይፈጣል፤ ቀጣዮቹ ሁለት ቀናትም ይበላሻሉ።

እሑድ ኮሎሴዮ። ትኬቱ ከጎኑ ያሉትን ጥንታዊ ፍርስራሾች፣ ፎሩምንና ፓላቲኖ ኮረብታን፣ ይጨምራል። ስማችሁ ስለሚጻፍበት ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ።

ሰኞ ቫቲካን። ሙዚየሞቹን ጠዋት፣ ከዚያ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካን። ባዚሊካው በነፃ ነው፤ ሰልፉ የፍተሻ ነው። ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም። ሐምሌ ላይ በሙቀቱ እጅጌ የሌለው ልብስ ለብሳ የሄደች ጓደኛዬ በር ላይ ስትመለስ፣ እኅቴ ከቦርሳዋ ነጠላ አውጥታ ለበሰች፤ ገባች። ነጠላ ክብደት የለውም፣ ታጥፎ ኪስ የሚያህል ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ከነጠላ ውጭ አልጓዝም።

ማክሰኞ ክፍት ይሁን። ትራስቴቬሬ የሚባለው ሰፈር፣ ቡና፣ ግዢ፣ ያመለጣችሁ ነገር። ክፍት ቀን ማለት የባከነ ቀን ማለት አይደለም። ዝናብ፣ የእግር ቁስል ወይም የባቡር አድማ ሲመጣ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ወደ ፍሎረንስ። ከሰዓት ከተማውን በእግር፣ ሲመሽ ፒያሳሌ ሚኬላንጄሎ ወጥታችሁ ከተማውን ከላይ እዩት። ሐሙስ ጠዋት አካዴሚያ፣ ከሰዓት ኡፊዚ። የካቴድራሉን ጉልላት መውጣት የሚፈልግ 463 ደረጃ እንዳለው ይወቅ፤ ሊፍት የለውም። ያን ቀን ሦስቱንም አታድርጉ።

ዓርብ ወደ ቬኒስ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቬኒስ፣ እሑድ በረራ።

ለየቀኑ አንድ ትልቅ ነገር ከነትኬቱ፣ አንድ ትንሽ ነገር ያለ ትኬት። ከዚያ በላይ አትጫኑት።

ደረጃ 6፦ ሰዓት ያላቸውን ትኬቶች አስቀድማችሁ ያዙ

የኮሎሴዮ ትኬት የሚለቀቀው ከ30 ቀን በፊት ነው። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት። አምስተርዳም የምትሄዱ የአን ፍራንክ ቤት ትኬት በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጉብኝት ይለቀቃል፤ ቶሎም ያልቃል። የቫቲካንን፣ የአካዴሚያንና የኡፊዚን ቀኑ እንደታወቀ ግዙ።

ከራሱ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ግዙ። መፈለጊያ ላይ አንደኛ ሆኖ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የከፈለ ሻጭ ነው። ያንኑ ትኬት እጥፍ ይሸጥላችኋል።

ጠዋት የሚከፈትበትን ሰዓት ምረጡ። ሙቀቱም ሰዉም ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ይበረታል።

ደረጃ 7፦ የባቡር ትኬት

የጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ትሬኒታሊያና ኢታሎ ናቸው። ሁለቱንም አወዳድሩ። ዋጋው ቀኑ ሲቃረብ ይወጣል፤ ከሁለት ወር ገደማ በፊት የገዛ ይጠቀማል። ርካሹ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ አይቀየርም። ባቡሩ ካመለጠ ገንዘቡም አመለጠ። ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን ለሚነሳ ባቡር ርካሹን አትግዙ፤ አውሮፕላን ሊዘገይ ይችላል።

ብዙ አገር የሚያዞረው የዩሬይል ፓስ ለሦስት ከተማ አያስፈልግም። ፓሱን ገዝታችሁም ለፈጣን ባቡር የመቀመጫ ክፍያ ትጨምራላችሁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የወረቀት የክልል ባቡር ትኬት ከያዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ አሳትሙት። ሳይታተም ከተገኘ ትኬት እንደሌለው ሰው ትቀጣላችሁ። ሌላው ቬኒስ ነው። ሁለት ጣቢያ አላት። ቬኒስ ሜስትሬ የሚባለው የብስ ላይ ያለው ነው። ውሃው ያለበት የመጨረሻው ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ይባላል። «ቬኒስ» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ዘላችሁ አትውረዱ።

ደረጃ 8፦ ማደሪያ

ሁለት አዳር ብቻ በምታድሩበት ከተማ ከጣቢያው በእግር የሚደረስ ሆቴል ያዙ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው በአዳር ሠላሳ ዩሮ ቢቀንስ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይበላል። ከአንድ ሙሉ ቀን ላይ ይህ ብዙ ነው።

ቬኒስ ላይ በተለይ ካርታውን አጉልታችሁ እዩ። መኪና የለም፤ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው። ከሳንታ ሉቺያ ወይም ከፒያሳሌ ሮማ ብዙ ድልድይ የማያሻግር ሰፈር ፈልጉ። ወደ ማርኮ ፖሎ ኤርፖርት የሚሄደው አውቶቡስም የሚነሳው ከፒያሳሌ ሮማ ስለሆነ የእሑዱን ጠዋት ያቀልላችኋል።

ከሆቴሉ ዋጋ ሌላ የከተማ ግብር በሰው በአዳር ይከፈላል። ዝርዝር ዩሮ ያዙ።

ደረጃ 9፦ ዘመድ ካለ ቀን ቆርጣችሁ ስጡት

ይህን ሌላ መመሪያ ላይ አታገኙትም። እኛ ግን አውሮፓ ውስጥ ዘመድ የሌለን ጥቂት ነን። ሮም ያለች የእናታችሁ አብሮ አደግ መምጣታችሁን ከሰማች «ብቅ ብላችሁ ሰላም በሉኝ» ትላለች። ብቅ ማለት ግን የለም። ቡናው ሦስተኛው ሳይፈላ አትወጡም፤ እራት ይከተላል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሁሉ የሚታወሰውም እሱ ነው። ስለዚህ በክፍት ቀናችሁ ላይ፣ በእኛ ምሳሌ ማክሰኞ ከሰዓት ላይ፣ አስቀድማችሁ ጻፉት። ስትደውሉ «ማክሰኞ 9 ሰዓት እንመጣለን» በሉ። ቀኑን እናንተ ካልወሰናችሁ የቫቲካን ትኬታችሁ ባለበት ቀን ይወሰንላችኋል።

ስጦታ ስታስቡ ይህን እወቁ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቋንጣም ቅቤም ይወሰዳል፤ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል።

ለጾመኛ አንድ ነገር ልጨምር። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ በፖሞዶሮም አይብ አትጨምሩበት ካላችሁ ብዙ ጊዜ ጾም ነው።

ደረጃ 10፦ ሰዓቱንና ቀኑን ለሁለተኛ ጊዜ መርምሩ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሮም ላይ ተገናኝተን ነበር። ትኬቱ ላይ 07:10 ይላል። እሱ ከምሳ በኋላ 7 ሰዓት ከ10 ነው ብሎ ተረጋግቶ ተኛ። ባቡሩ ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ላይ ሄደ። ሌላ ትኬት በሦስት እጥፍ ገዛን።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ከትኬቱ ሰዓት ላይ 6 ቀንሱ። 14:35 ከቀኑ 8:35 ነው። ውጤቱ 13 ከደረሰ ደግሞ 12 ቀንሱ፤ 19:20 ማታ 1:20 ነው። ከ07:00 በታች ከሆነ 6 ደምሩ፤ 05:45 ሌሊት 11:45 ነው።

እኩለ ሌሊትን ያለፈ ትኬት የበለጠ ያሳስታል። እኛ ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል የምንለው እዚያ ረቡዕ 00:30 ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በአንድ ቀን ዘግይታችኋል።

ቀኑም እንዲሁ። 06/07 አሜሪካ ውስጥ ጁን 7 ነው፤ አውሮፓ ውስጥ 6 ጁላይ። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ፈቃዳችሁ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ወደ ፈረንጁ ስትቀይሩ ሁለት ሰው ለየብቻ ይቀይረውና አመሳክሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ሆቴሉን ከበረራው ቀን መያዝ። ዓርብ ማታ ከዋሽንግተን የተነሳ ሮም የሚያድረው ቅዳሜ ነው። ዓርብን ከያዛችሁ ባዶ አልጋ ከፈላችሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ መጀመሪያው ቀን አልመጡም ተብሎ ሙሉ ማስያዣው ሊሰረዝ መቻሉ ነው።
- በስሙ ብቻ ርካሽ ኤርፖርት መምረጥ። «ፓሪስ ቦቬ» ከፓሪስ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይርቃል።
- ጣሊያን ከተማ ውስጥ መኪና ተከራይቶ መንዳት። መሐል ከተማው ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደ ክልል አለው። ካሜራው ያነሳችኋል፤ ቅጣቱም ከወራት በኋላ እቤት ድረስ ይመጣል።
- ኦገስት አጋማሽ ላይ መሄድ። ኦገስት 15 ጣሊያን በዓል ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ የሰፈር ምግብ ቤትና ሱቅ ይዘጋል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። ምርጫ ካላችሁ ሜይ ወይም ኦክቶበር ይሻላል።
- «መንገድ ላይ ናት» ብሎ አራተኛ ከተማ መጨመር። ፒሳ ከፍሎረንስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ካማራችሁ ሐሙስ ከሰዓት ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ኡፊዚን ግን ትተዋላችሁ። ሁለቱንም ለማድረግ የሞከረ ሰው ሁለቱንም በሩጫ ነው የሚያየው።
- ትኬቱን ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ብቻ መያዝ። በተጨናነቀ ሜትሮና በቴርሚኒ ጣቢያ ኪስ አውላቂ አለ። የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛችሁንና የትኬቶቻችሁን ቅጂ አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ስልክ ላኩ። አንድ ቅጂ አትማችሁ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጡ፣ አንዱን ደግሞ እቤት ለሚቀረው ሰው ተዉለት።